እናቴ በጾም እንቁላል የበላችበት ዓመት

እናቴ የወደቀችው ከቅዳሴ ስትመለስ ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈው እግዜርን ለመክሰስ አይደለም፤ ያኔ ግን በደንብ አድርጌ ከስሼዋለሁ። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ካፊያ ባረጠበው የጀጎል ድንጋይ ላይ፣ ቤታችን ልትደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀራት ተንሸራተተች። እኔ ውስጥ ሆኜ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ነበር። ጩኸት አልሰማሁም። እናቴ ወድቃም ቢሆን የምትጮህ ሴት አይደለችም፤ ሰው እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ያለፈውን ሰው «ልጄን ጥራልኝ፤ ቀስ ብለህ ንገራት፣ ድንጉጥ ናት» ብላ ላከችብኝ። ሮጬ ስደርስ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ጭቃ አልነካውም። የታፋዋ አጥንት ግን ተሰብሮ ነበር።

ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ካለው ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሕትናው ያስቀናል።

«አጥንቱን በብረት እናያይዘዋለን» አለኝ። «ግን የእናትዎ ደም በጣም ዝቅ ብሏል። አሁን ቀዶ ጥገናውን አይችሉትም። በደንብ ይብሉ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ደማቸውን እንለካና ከበቃ እንሠራላቸዋለን።»

«ካልበቃስ?»

«ካልበቃማ…» ብሎ የተኛችበትን አልጋ አየ።

እናቴ ጣልቃ ገባች። «ልጄ፣ ዋናውን ንገረኝ። ቆሜ አስቀድሳለሁ?»

«ከበሉ፣ አዎ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፣ እማማ?»

«እንቁላሉማ ይሂድ» አለች እናቴ። «ሁዳዴ ደርሷል፤ እኔን ጥሎኝ ይሂድ።»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እናቴ እየቀለደች እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ቆሞ ማስቀደስ ለእናቴ ምን ማለት እንደሆነ ልናገር። ፈረስ መጋላ ካለው ቤተ ክርስቲያን፣ በሴቶች በኩል፣ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ አላት። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት እንኳ መቋሚያ አትደገፍም፣ ግድግዳ አትጠጋም። ወንበር ይዘው የሚመጡትን እኩዮቿን «ሰርግ ነው እንዴ የተጠራችሁት?» እያለች ታሽሟጥጣቸው ነበር። እነሱም እየሳቁ ይረግሟታል። አሁን ግን ነገሩ ከወንበርም አለፈ። ካልተሠራች፣ ቀሪ ዕድሜዋን አልጋ ላይ ሆና ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ልትሰማ ነው። ከሞት ይልቅ የፈራችው ይህንን ነው። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው፤ እናቴ ቆማ ካላስቀደሰች እናቴ አትሆንም።

ቤት መልሰን አስተኛናት። ሁዳዴ ገባ፤ እናቴም አፏን ዘጋች። ጉበቱስ ቢሆን ከየት ይመጣል? የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በጾም ዝግ ነው፤ የሙስሊሙን ሥጋ ደግሞ እኛ አንበላም። እንቁላልና ወተት ቀረ። እሱን ሳቀርብላት «በጾም?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የሚያፋፋ ነገር ያልቀመሰ ሆዷን ሐኪሙ ያዘዘላት የደም ማነስ ኪኒን ያቃጥላታል፤ ያንንም ተወችው።

የነፍስ አባቷን ጠራሁ። የነፍስ አባቷ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ጢሙ ረዝሞ፣ እኔ ‹እርስዎ› እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ አያቱ የምትሆነውን እናቴን ‹ልጄ› ይላታል። የሥርዓት ነገር ነውና ማንም አይስቅም።

«ልጄ፣ የታመመ ሰው ጹም ተብሎ አይገደድም» አሏት። «ፈቅጄልሻለሁ፤ ብዪ።»

«እሺ አባታችን» አለች፤ መስቀል ሳመች።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይላሉ። የእናቴ እሺ ግን ቤሳ አያወጣም። ቄሱ ከበር ሲወጡ፣ «ደግ ልጅ ስለሆነ ነው የፈቀደልኝ» አለችኝ። «ጌታ አርባ ቀን ሲጾም ማን ፈቀደለት?»

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። አንድ እንቁላል መትቼ ሽሮ ውስጥ ጨመርኩ። በርበሬ አበዛሁበት፣ ነጭ ሽንኩርት አበዛሁበት፣ ከዚያ እንደ ደህና ሰው አቀረብኩላት። አንዴ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመችና አየችኝ።

«ይሄ ሽሮ ዶሮ ቤት አድሮ ነው የመጣው?»

የጎረሰችውን በሶፍት ተፋችው፤ ሳህኑንም ቀስ አድርጋ ገፋችው። አልተቆጣችኝም፤ ማናገሩን ግን ተወች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከሱቅ የተገዛ ዳቦና ውኃ ብቻ ነው የቀመሰችው፤ እኔ የሠራሁትን አልነካም አለች። በራሷ ልጅ እጅ ጾሟን ልትሽር ነበር፤ ይህን እንዴት ይቅር ትበለኝ?

በሁለተኛው ቀን ወጥ ቤት ገብቼ እግዜርን በአስተማሪ ድምፄ ተናገርኩት። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ አስተምሬያለሁ። ሳላገባ፣ ሳልወልድ እናቴን ጦሬያለሁ። ሰንበት አላስታጎልኩም። እሷ ደግሞ ከአንተ ቤት ስትመለስ ነው የወደቀችው። ምን ጎደለብህ? አልኩት። ሽሮው አረረ።

በማግሥቱ ወደ ኤረር በር ገበያ ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ በትክክል አላውቅም፤ ወተት ይዤ ብቀርብ ምናልባት ብዬ ይሆናል። እዚያ ወተትና እንቁላል የምታመጣልን የገጠር ሴት አለች፤ ደንበኛችን ናት። በሁዳዴ ክርስቲያን ደንበኞቿ ሁሉ ስለሚጠፉ እኔን ስታይ ጮኸች።

«ሱብሃነላህ! አንቺ፣ ጾም አይደለሽም እንዴ?»

ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ጮኼ «እና ምን አገባሽ!» አልኳት። ይህን ብዬ ሳልጨርስ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እሷ ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ሕፃን እያባበለች ሁሉንም አስወራችኝ። አጥንቱን፣ ደሙን፣ ቄሱን፣ ሽሮውን ሳይቀር።

«አብሽሪ እቴ» አለችኝ። «ሽሮው ላይ ግን አጥፍተሻል፤ ሐቂቃ። ነገ እኔ ራሴ መጥቼ እዘይራታለሁ።»

መጣች። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተደራርበው ነበርና ለእንግዳ የምናቀርበው ነገር የለም፤ እነሱም ጾም፣ እኛም ጾም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ልጇን አውርዳ አጠባች፣ ከዚያ «አቦ፣ ውኃ ስጪኝ» አለችኝ። እናቴ ከትራሷ ቀና አለች።

«የናንተም ጾም ነው እኮ!»

«ነው። እኔ ግን አጠባለሁ። ዘንድሮ ብጾም ወተቴ ይደርቃል። አላህ ለሚያጠባም ለታመመም አዝኗል። ረመዳን ሲያልፍ ቀዷ አወጣለሁ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ያልጾምኩትን ቀን ቆጥሬ፣ በሌላ ጊዜ መልሼ እጾመዋለሁ።»

እናቴ ዝም አለች። በዕድሜዋ ሳትከራከር አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ዝም ስትል እያሰላች መሆኑን አውቃለሁ።

«ጭማሪ አለው?»

«የለውም። ቀን በቀን ነው።»

«ይሄ ደንበኛ ነገር ነው» አለች እናቴ። ወደ እኔ ዞራ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ወተቱን አፍዪና አምጪልኝ። እኔም መልሼ እጾመዋለሁ።»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። አፌን ዘግቼ ወተቱን አፈላሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ደግሞ የጎረቤት ሃይማኖት ተዋስኩ።

እናቴ እንቁላል መብላት ጀመረች። የምትበላው ግን ዓይኗን ጨፍና፣ ያለ ጨው ነው፤ «እንዳይጥመኝ» ትላለች። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጭራሽ አታስበውም። ከበላች በኋላ «ቁጠሪ» ትለኛለች፤ እኔም የግድግዳው ካሌንደር ላይ በእስክሪብቶ ጭረት አደርጋለሁ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ካሌንደሩን አውርጄ አልጋዋ ላይ እንድዘረጋው አዘዘችኝ፤ ለመመለሻው ቦታ ልንፈልግ።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ጾም የሌለበት ነው፤ እሱ አይሆንም። ሃምሳው ሲያልቅ የሰኔ ጾም ይገባል፤ ጾምን በጾም አይመልሱም። ሐምሌ ላይ ትንሽ ቀን አለ፤ ረቡዕና ዓርቡ ሲወጣለት እፍኝ አይሞላም። ነሐሴ ፍልሰታ፤ ከፍልሰታ እስከ መስቀል ያለችው ደግሞ በዓሉና ረቡዕ ዓርቡ ሲወጣላት አትበቃም። ከመስከረም መጨረሻ ጽጌን በፈቃዷ ትጾማለች፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ነቢያት። እናቴ ጣቷን ካሌንደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሰችና ተናደደች።

«ያን ሃምሳ ቀን ማነው እንዲህ ባዶውን የዘረጋው!»

ከወደቀች ጀምሮ ያን ቀን ነው የሳቅኩት። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ታፋዋን አሳመማትና «አታስቂኝ፣ አንቺ ክፉ» አለችኝ። ስለ ሽሮው ይቅር እንዳለችኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ሕመሙ ግን ቀልድ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት አንሶላ ለመቀየር ሳገላብጣት የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች። ላብ በግንባሯ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ለመገላገል እቸኩላለሁ፣ ስቸኩል አሳምማታለሁ፣ ሳሳምማት እቆጣለሁ። እሷን ነው የምቆጣው፣ እግዜር ይየው። ቀስ በቀስ እጄ ተማረ። ጀርባዋን በሞቀ ውኃ ሳብስ ስለ ልጅነቷ ታጫውተኛለች፤ ትምህርት ቤት እስከምሄድ ድረስ ያለችው ያቺ አንድ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ የምወዳት ሆነች። ሃምሳ ሦስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ያልሰማሁትን ወሬ ያን ሁዳዴ ሰማሁ። ጉንጯም ደም ዘለቀው። አንድ ቀን፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «የትናንቱ አበሳሰሉ ይሻል ነበር፤ ይሄኛው አስኳሉ ደርቋል» አለችኝ።

ታዲያ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሕማማት ነው» አለች። «ሕማማት ቀዷ የለውም።»

ደሟ ሊለካ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልቅሼ አሳየኋት። ማክሰኞም አልበላችም፤ ከንፈሯ መልሶ ገረጣ። ያን ዕለት ከሰዓት ሮጬ ቄሱን ጠራሁ። ከስግደት ነው የመጡት፤ ግንባራቸው ላይ አቧራ አለ፣ ድምፃቸው ዘግቷል። ሕማማት ስለሆነ መስቀል አላሳለሙም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ ለሌላው ሰው ሕማማት የገባው ትናንት ነው። አንቺ ግን ጾሙ ሳይገባ ጀምሮ ሕማማት ላይ ነሽ። ሌላ ምን ልጨምርብሽ?»

እናቴ ተንፈስ ብላ የቀዷውን ነገር ተናዘዘች። ወተት ሻጯን፣ ጭረቱን፣ ካሌንደሩን፣ ሃምሳውን ቀን። ቄሱ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። መሬት መሬት አየሁ።

«እኛ ዘንድ ይሄ የለም» አሏት።

«ታዲያ የበላሁት?»

«ተፈቅዶልሽ የበላሽው ነው። የተሰጠን ነገር አይመልሱም።»

«እንዲሁ? በነጻ?»

«በነጻ።»

እናቴ ቅር አላት። «አባታችን፣ በነጻ ያሉት ነገር ኋላ ሲወደድ ነው የማውቀው።»

«የዚህኛው ዋጋ አንዴ ተከፍሏል» አሉ ቄሱ እየተነሱ። «ዓርብ ይነበባል፤ ስሚው።»

እሷ ገና ከራሷ ጋር እየተከራከረች ሳለ፣ የበሩን መቃን ይዤ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ለካ ወጥ ቤት ገብቼ ስጮህ እኔም ስከራከር ነበር። ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ፣ እናቴን ጦርኩ፣ ሰንበት አላስታጎልኩም፤ ስለዚህ ይህን ስጠኝ። እናቴ ላልጾመችው ልትከፍል ስትሞክር፣ እኔ ደግሞ ለጾምኩት ክፈለኝ እያልኩ ነበር። አፈርኩ። ደግሞም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ቀለለኝ፤ የሚያስብልኝ እንዳለ ያን ጊዜ አመንኩ።

ማታ እናቴ እንቁላሉን በላች። ዓይኗን ገልጣ ነው የበላችው።

ዓርብ ስቅለት የድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ጀጎልን ሞላው። «ሂጂና የእኔንም ስገጂልኝ» አለችኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ ቢሆንም ሄጄ የራሴን ስጨርስ የእሷን ጀመርኩ። ማታ ስመለስ ደረጃውን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት። እሷ ከአልጋዋ ሆና በእያንዳንዱ ‹ኪርያላይሶን› አንገቷን ስትደፋ ውላ ማጅራቷ ደርቋል። ሁለታችን ጎን ለጎን ተኝተን «ወይኔ» እየተባባልን ስናቃስት ሳቃችን መጣ፤ ነውር ነው ብለን አፋችንን ያዝን።

ፋሲካ ጠዋት ወተት ሻጯ ልጇን አዝላ፣ እንቁላል በዘንቢል ይዛ መጣች። የእኛን ሥጋ አትበላም፤ ዳቦና ሻይ አቀረብኩላት።

«ቀዷውስ? ለመቼ ቆረጥሽ?» አለቻት እናቴን።

«እኔ አላወጣም» አለች እናቴ። «ቄሳችን በነጻ ነው አሉኝ።»

«ማሻአላህ! በነጻ?»

«በነጻ» አለች እናቴ፣ ራሷ ተከራክራ ያስቀነሰችው ይመስል እየተኩራራች።

በሳምንቱ ሐኪሙ ደሟን ለካና ፊቱ በራ፤ በቅቷል። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሊያስገቧት ሲሉ አልጋዋን ይዤ መልቀቅ አቃተኝ። እሷ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ በር ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ የማለቅሰው ግን እኔ ነበርኩ።

«ምን ያስለቅስሻል? ፋሲካ እኮ ነው» አለችኝ። «ከነቃሁ እቆማለሁ። ካልነቃሁም የሚያስነሣኝ አለ። ይልቅ አንቺ ሄደሽ ቁርስ ብዪ፤ ፊትሽ ገርጥቷል።»

በሩ ተዘጋ። ቁርስ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእርምጃ ነገር ነው። ከአልጋ እስከ ወንበር፣ ከወንበር እስከ በር፣ አራት እግር ያለውን መራመጃ ብረት እየገፋች፣ እያላበች፣ እኔን እየተሳደበች። የዕርገት ዕለት፣ ገና በማለዳ፣ «ባጃጅ ጥሪ» አለችኝ። ልከለክላት ሞከርኩ። መከልከሉ የትም አላደረሰኝም።

ባጃጁ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አወረደን። ወንበር የያዙት እኩዮቿ ተነሥተው እልል ሊሉ ሲዳዳቸው በዓይኗ ገሠጸቻቸው። አንዷ ወንበሯን ገፋ አደረገችላት። እናቴ አመስግና አለፈች፤ ማሽሟጠጡን ግን የተወችው ይመስለኛል። እኔ ከኋላዋ ሆኜ አንድ ነገር ፈርቼ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ መሬት ሲሰግድ እሷም ልትሰግድ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፤ ወይም መስገድ አቅቷት ብቻዋን ቆማ ትቀራለች፣ ልቧ ይሰበራል። ልይዛት እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ።

እናቴ ቦታዋ ደርሳ ብረቷን አስተካክላ ቆመች። ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች። በሃምሳው ቀን ስግደት የለም፤ ከፍርሃቴ ብዛት ረስቼው ነው። ሽማግሌው ቆሟል፣ ጎረምሳው ቆሟል፣ ልጅ ያዘለችው ቆማለች፤ አንድም ጉልበት መሬት አልነካም።

«አየሽ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «ሁሉም እንደ እኔ ነው።»